ሁሉም የሚያውቀውን የማያውቅ መርማሪ

የወንጀል ልብ ወለድ ያስለመደን ነገር አለ፦ መርማሪው ከአንባቢው ይቀድማል። እኛ ገና ገዳዩን ስንገምት እሱ ጨርሶ ፒፓውን ያጨሳል። እንግሊዛዊው ማርክ ሃደን በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ዘ ኪዩሪየስ ኢንሲደንት ኦፍ ዘ ዶግ ኢን ዘ ናይት ታይም» ነገሩን ይገለብጠዋል። እዚህ መርማሪው ነው መጨረሻ የሚያውቀው።

ክሪስቶፈር 15 ዓመቱ ነው፣ ስዊንደን በምትባል ከተማ ከአባቱ ጋር ይኖራል። አንድ ሌሊት የጎረቤታቸው ውሻ ዌሊንግተን መንሽ በሚመስል የአትክልት መሣሪያ ተወግቶ ሞቶ ያገኘዋል። ሼርሎክ ሆምስን ስለሚወድ (የመጽሐፉ ርዕስም ከሆምስ ታሪክ የመጣ ነው) ገዳዩን ፍለጋ በር ማንኳኳት ይጀምራል። ልጁ ራሱ ለሁኔታው ስም አይሰጠውም፤ ኦቲዝምን ያስታወሰን በአብዛኛው የሽፋኑ ጽሑፍ ነው። ምዕራፎቹ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እያሉ በተካፋይ አልባ ቁጥሮች ብቻ ሲሄዱ ግን ኮድ የሚጽፍ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኔም ብያለሁ።

ከዚህ በኋላ ምስጢር አወጣለሁ፣ ያላነበባችሁ እዚህ አቁሙ።

ውሻውን የገደለው አባትየው ነው። ይሄ የሚታወቀው ገና መሐል ላይ ነው፣ ምክንያቱም እውነተኛው ምርመራ ስለ ውሻው አይደለም። ክሪስቶፈር በልብ ድካም ሞታለች የተባለችው እናቱ ለንደን ውስጥ በሕይወት አለች። ከጎረቤት ባል ጋር ነው የሄደችው። ግንኙነታቸውን የሰፈሩ ሰው ያውቃል፣ ልጁ ብቻ አያውቅም። የሚነግሩት ደግ አሮጊት ጎረቤት ናቸው፤ እኛ ሰፈር ቢሆን «እትዬ አሌክሳንደር» እንላቸው ነበር፣ ቡና ሳያጠጡም አይሸኙትም።

ደብረ ማርቆስ ላደገ አንባቢ ቀልዱ እዚህ ጋ ይመርራል። ክሪስቶፈር ዘይቤያዊ አነጋገር ሁሉ ውሸት ነው ይላል። የእኛ አገር ደግሞ ዋሸራና ጎንጅ ላይ ቅኔ ሲዘረፍበት የኖረ፣ ስድቡም ምስጋናውም በሰም ተሸፍኖ የሚነገርበት ነው። እናትህ ሄደች ለማለት አሥር መንገድ አለን፣ አንዱም ለክሪስቶፈር አይገባውም። ፊት ለፊት የሚናገረውን ሰው ምን እንደምንለው ሀዲስ ዓለማየሁ ነግረውናል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤ ያሰበውን ስለተናገረ «ጉዱ ካሣ» ተባለ። ካሣ ኦቲዝም ነበረበት እያልኩ አይደለም፤ በልብ ወለድ ሰው ላይ ምርመራ ማካሄድ አልወድም። ግን ዘመድ አዝማዱ የሰጠው ስም አንድ ነገር ያሳያል፦ ግራ ያጋባን እኛን ሆኖ ሳለ ጉድ የሚባለው እሱ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ነበር። ምን እንደሆነ የመረመረው የለም። ጠበል ወስደውታል ይባላል፣ ሌላም ብዙ ይባላል። የሃደን መጽሐፍ የያዘኝ በዚህ ነው፦ ክሪስቶፈር ስለ እሱ የሚወራበት ልጅ ሳይሆን በር አንኳኩቶ የሚጠይቅ ልጅ ነው። አገራችን ውስጥ በር የማንኳኳቱን ሥራ የሠሩት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈተችው በልጇ ምክንያት ነበር፤ ፊደላችንን ተጠቅማ ልጆችን ድምፅ ታስተምርበት የነበረ «አቡጊዳ» የተባለ ዘዴም አዘጋጅታለች። የሃደን እናት ግን አልችልም ብላ ትሄዳለች። ደራሲው አይፈርድባትም፣ ደብዳቤዎቿ የመጽሐፉ ምርጥ ገጾች ናቸው።

የማልወደው መጨረሻውን ነው። ክሪስቶፈር ከባድ የሒሳብ ፈተና ወስዶ ከፍተኛ ውጤት ያመጣል፣ ደስታውም ከዚያ ይቀዳል። ቁጥር የማይችለው፣ ጓዳ ውስጥ የቀረው ልጅ በምን ይመዘን? ለእኔ ከፈተናው ይልቅ የለንደኑ የምድር ውስጥ ባቡር ይበልጥብኛል። ቶቢ የተባለችው አይጡ አምልጣ ሐዲድ ላይ ወርዳለች፣ እሱም ተከትሏት ወርዷል፣ ባቡሩ እየመጣ ነው፣ አንድ የማያውቀው ሰው ጎትቶ ያወጣዋል፣ እሱም ስለተነካ ይጮኻል። ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ እጄ ላበው።