እግሩ የረዘመ ፊደል

መንዝ የበግ አገር ነው፤ ለብራና ግን እኔ የፍየል ቆዳ እመርጣለሁ። የበግ ቆዳ ቅባት ይበዛበታል፣ ቀለም እንደልብ አይዝለትም። ፍየሉ ከመርሐቤቴ ቆላ፣ ከጀማ ሸለቆ ይወጣል። ቆዳውን ዘፍዝፌ፣ ወጥሬ፣ ፍቄ፣ በወስፌ አሰምርና ቁም ጽሕፈት እጽፍበታለሁ። ከሚተርፈው ቁራጭ ላይ ደግሞ የማይነበብ ፊደል እሠራለሁ። ለዚህ ሁለተኛው ሥራ ያደፋፈረኝ ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ነው።

ወሰኔ እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1972 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በ1980 ደግሞ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ያስተምርበት ከነበረው ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ፊደልን የሥዕል ጌጥ ሳይሆን ዋና አካሉ አደረገው፤ ይስበዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ይገለብጠዋል።

በዚያው ዘመን ብራዚላዊው ፓውሎ ብሩስኪ ቃልና ምስል ያዋሃዱ ሥራዎቹን ከሬሲፌ በፖስታ ዓለምን ያዞር ነበር። አደንቀዋለሁ። ነገር ግን የላቲን ፊደል እግሩን ብትስበው አብዛኛውን ጊዜ ያው ራሱ ነው። የእኛስ? የ«በ» ቀኝ እግር ከረዘመ «ባ» ይሆናል፤ ግራው ከረዘመ «ቦ»። ከቀኝ እግሩ ግርጌ ቀለበት ስታስርለት «ቤ» ብሎ ይጮኻል። ብርዕህን ትንሽ ባንሸራተትክ ቁጥር ድምፁ ይለወጣል። ስለዚህ ፊደላችንን ዝም ለማሰኘት የሚፈልግ ሰው ሰባቱንም ቤት ጠንቅቆ ማወቅ አለበት፤ የወሰኔ ሸራ ላይ የማየው ይህንን እውቀት ነው። የተሰበረው ፊደል የየትኛው ቤት እንደነበረ አጥንቱ ይናገራል። ፊደል ሳያጠኑ የሚቦጫጭሩ ወጣቶች ሥራ ላይ ግን ይህ አጥንት የለም፣ ያሳዝነኛል።

የሚታይ ጽሑፍ ለእኛ አዲስ አይደለም። ደብተራው ክታቡን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆርጠው፣ በጸሎቱ መሐል ትልልቅ ዓይኖች ይሥልበት ነበር። ባለቤቱ ማንበብ ባይችልም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞት ይዞራል፤ ሲታመም ይዘረጋለታል፣ ያየዋል።

እኔ እስካሁን የምሠራው በ«በ» እና በ«ለ» ነው፤ ሁለት እኩል እግር ስላላቸው የቱን እንደሳብኩ ይታያል። «ረ» ግን ከ«ራ» እስከ «ሮ» የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ የሌሎቹ የእግር ሕግ አይገዛውም። ሰሞኑን ብራናው ላይ የምታገለው ከእሱ ጋር ነው።