ሳቃችን በማን ኪሳራ ነው?



ውድ አንባቢያን! ከዲላ ተነስቶ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው አስፋልት ያለፋችሁ ወናጎን ታውቋታላችሁ። ግራና ቀኙ እንሰትና ቡና የለበሰ ተራራ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ይኸው ነው። ዛሬ በዚህች ከተማ ቡና ለቃሚውም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ከመድረሳ የሚወጣው ደረሳም እጁ ላይ ስልክ አለ። በስልኩ ውስጥ ደግሞ ዜማ፣ ቀልድና ትርኢት አለ፤ ያውም ባለሙያ የሠራው ሳይሆን እንደ እርሱ ያለ ልጅ በጓሮው ቀርጾ የለቀቀው። ስለዚህ ጉዳይ ብዕር ያነሳሁት ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እኔም ራሴ ከተከሳሾቹ አንዱ ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን ካሉት መስጂዶች በአንዱ ለብዙ ዘመን አዛን ሲሉ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ልጆቹ ሁሉ «አባባ» ይሏቸዋል። ዕድሜ ድምፃቸውን ሰንጥቆታል። አንድ ቀን ሱብሒ ላይ ድምፃቸው ከመሐል ተቆረጠና ሳል ያዛቸው። አንዱ ደረሳዬ ይህንን በስልኩ ቀረጸ፤ ሳሉ ከተሰማበት ቦታ ላይ የፍየል ጩኸት ቀጠለበትና ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ርዝመቱ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ለእኔ ያሳየኝ ሌላ ልጅ ነው። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ሳቅሁ። የፍየሏ ድምፅ የገባችበት ሰዓት በልክ ተመትሮ ነበርና ሳቁ ከአእምሮዬ ቀድሞ ወጣ። ልጁም «ኡስታዝም ስቋል» ብሎ ለጓደኞቹ አወራ። ሳላውቀው ፈትዋ የሰጠሁ ያህል ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሱብሒ ላይ የሰማነው አዛን የሌላ ሰው ነበር።

እንግዲህ እስኪ እንጠይቅ፤ ያ ቪዲዮ ጥሩ ቀልድ ነበርን? ልጁ ችሎታ አለው፤ ይህን አልክድም። መቼ መቁረጥ፣ መቼ መቀጠል እንዳለበት ያውቃል። ነገር ግን የቀልዱ ጥሬ ዕቃ ምን እንደነበረ ተመልከቱ። ልጁ ከራሱ የፈጠረው አንድም ነገር የለም። የአንድን ሽማግሌ ድካም ወሰደ፤ በላዩ ላይ የፍየል ድምፅ ለጠፈ። የሰውየውን ድካም ብናነሳበት የሚቀረው ፍየሏ ብቻ ናት።

ቀልድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እነ ደረጀና ሀብቴ፣ እነ ተስፋዬ ካሳ በቴሌቪዥንና በካሴት ሲያስቁን የሳቅነው በአብዛኛው እነርሱ ራሳቸው በፈጠሩት ሰው ላይ ነበር። ባላገሩንም ሰካራሙንም ሆነው የሚጫወቱት ራሳቸው ስለነበሩ ማታ አልጋው ላይ ተኝቶ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። የስልክ ቀልድ ግን ብዙውን ጊዜ ጎረቤትን ነው ገጸ ባሕሪ የሚያደርገው። ጎረቤት ደግሞ ለተውኔት ተስማምቶ አልፈረመም።

ዩቲዩብ ላይ በመጀመሪያ የተለቀቀው ቪዲዮ ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. የተጫነ ሲሆን ርዝመቱ 19 ሰከንድ ብቻ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጃዊድ ከሪም በአሜሪካ አገር ሳንዲያጎ ከተማ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ጥቂት ነገር ይናገራል፤ በቃ፣ ያልቃል። በማንም አላላገጠም። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ብልጥ ሆኗል። እንደ ቲክቶክ ያሉት አንድን ቪዲዮ በመጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ያሳያሉ። ተመልካቹ እስከ መጨረሻ ካየው፣ ከደገመው፣ ለሌላ ካጋራው ለብዙዎች ያደርሱታል። መሣሪያው ስንት ሰው እንደተመለከተ ይቆጥራል እንጂ ከሰውየው ጋር ይሳቅ በሰውየው ላይ ይሳቅ አይለይም። ይህን መለየት የእኛ ሥራ ነው።

ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች! «ታዲያ ኢስላም ሳቅን ከልክሏል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። በፍጹም! ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር፤ ሲቀልዱም ከእውነት አይወጡም። በዒድ ቀን ሐበሾች መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እስኪበቃት ድረስ እንድታይ ማድረጋቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የእኛው አገር ሰዎች ትርኢት መሆኑን ልብ ይሏል! ዛሂር የሚባል የገጠር ሰው ታሪክ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ዛሂር መልኩ ብዙም የማያምር ባላገር ነበር። ገበያ ውስጥ ዕቃውን ሲሸጥ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳያያቸው ከኋላው መጥተው አቀፉት፤ ይህን ባሪያ ማን ይገዛል እያሉም ቀለዱበት። እርሱም ማንነታቸውን ሲያውቅ ጀርባውን ወደ ደረታቸው አስጠጋ፤ ቢሸጡት ዋጋ እንደማያወጣም ነገራቸው። እርሳቸውም በአላህ ዘንድ ዋጋው ውድ መሆኑን ነገሩት። ልጆቻችን «ፕራንክ» የሚሉት ይኸው አይደለምን? ከኋላ መምጣት አለ፤ ማስደንገጥ አለ፤ ሳቅ አለ። ሰውየው ግን ቀልዱ ሲያልቅ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። በሱረቱል ሑጁራት አንዱ ሕዝብ በሌላው ላይ እንዳይሳለቅ የተከለከለውም የሚሳለቁበት ሰው ከእነርሱ የተሻለ ሊሆን ስለሚችል ነው።

በዚህ ሚዛን ልጆቻችን የሚያዩአቸውን ጥቂት ዓይነቶች እንመዝን።

የመጀመሪያው መንዙማና ነሺዳ ነው። እንደ ሼኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ የወሎ ዑለሞች በአማርኛ መንዙማ የደረሱት ዐረብኛ ለማያውቀው ሕዝብ ዲኑን ለማድረስ ነበር። ስለዚህ የመንዙማ አጥንቱ ቃሉ ነው። ዛሬ በስልክ የሚለቀቁት ብዙዎቹ ድምፁን በማስተጋቢያ ስለሚያጥለቀልቁት ቃሉ አይሰማም። ካሜራውም ከዜመኛው ፊት አይነሳም፤ እንባውን በቅርብ ያሳየናል። ዑለሞች በመሣሪያ ጉዳይ የተናገሩትን ለዐዋቂዎቹ ልተውና እኔ የምለው ይህን ነው፤ ሰሚው የዘፋኙን መልክ አስታውሶ የነብዩን ውዳሴ ከረሳ ሥራው ከሽፏል። በአንጻሩ አራት ልጆች በቡና መደብ አጠገብ ቁጭ ብለው በጭብጨባ ብቻ ያሉትን አንድ መንዙማ አይቻለሁ። ስልኩ መሬት ላይ ተቀምጦ ስለነበር ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው የሚታየው። ቃሉ ግን አንድ በአንድ ይሰማል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት።

ሁለተኛው ንግግርን ማስመሰል ነው። ከገጠር ቡና ይዞ የመጣ ገበሬ አማርኛው ሲሰናከልበት እየቀረጹ መሳቅ የተለመደ ሆኗል። ይህ ሰው በአፍ መፍቻው በጌዴኦፋ ቢናገር ኖሮ ከቀራጩ ይበልጥ አንደበተ ርቱዕ ነው። የምንስቀው በሁለተኛ ቋንቋው ሊያናግረን በመሞከሩ ነው! ከዚህ ይልቅ አንዲት ልጅ ከአያቷ ጋር ሆና እንሰት ስትፍቅ የሠራችው ቪዲዮ ያስቃል። ልጅቱ መፋቅ አቅቷት ስትንሸራተት አያቷ ይስቁባታል። ካሜራውን የያዘችው ራሷ ናት፤ የምትሳቅባትም ራሷ ናት። ራሱ ላይ ለመሳቅ የደፈረ ቀልደኛ ማንንም አይጎዳም።

ሦስተኛው በቀጥታ ስርጭት ስጦታ እየለመኑ የሚደረገው ትርኢት ነው። ተመልካቹ በገንዘቡ ምናባዊ ስጦታ ይገዛል፤ ኩባንያው ድርሻውን ያነሳል፤ የተረፈው ለአቅራቢው ይደርሳል። ስጦታው እንዳይቋረጥ ሲባል ስድቡ ይጨምራል፤ የቤት ገመና ይወጣል። ስለዚህኛው ብዙ አልልም፤ ከሥነ ጥበብ የሚቆጠር ነገር አላገኘሁበትም።

ወደ አባባ ልመለስ። ልጁን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እርሱ አውፍ በሉኝ አለ፤ እኔም ስለ ሳቄ አውፍታ ጠየቅሁ። አባባም እንዲህ አሉት፦

«ድምፄ መሰንጠቁን እኔም አውቃለሁ ልጄ። ያሳዘነኝ እርሱ አይደለም። በዚያ ሰዓት ለሶላት ስጠራህ ነቅተህ ነበር ማለት ነው። ነቅተህ ግን ስልክህን አነሳህ እንጂ አልመጣህም።»

ልጁ አቀረቀረ። እኔም አብሬ አቀረቀርኩ።

ቪዲዮውን እዚያው አጠፋው። ይሁንና ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ሌሎች አስቀርተውት ኖሯል፤ ከሳምንት በኋላ በሌላ ሰው ገጽ ላይ ጭፈራ ተጨምሮበት አገኘነው። አባባ ዛሬ የዙህርን አዛን ብቻ ይላሉ። ሱብሒን አልተመለሱበትም። ልጁ ሱብሒ ላይ አንዳንድ ቀን ከሰልፉ ዳር አየዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜ አይደለም።

ወላጆች ሆይ! ስልኩን ነጥቆ መቆለፍ ብቻ መፍትሔ አይሆንም፤ ጎረቤት ቤት ሌላ ስልክ አለ። ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ያሉትን እንደማይቀበል እወቁና በዚህ ጀምሩ። ከዚያ በላይ ከሆኑት ጋር ግን አብራችሁ ተቀመጡና እዩ። ልጃችሁ አንድ ነገር ቀርጾ ሊለቅ ሲል ሦስት ነገር ጠይቁት፤ የተቀረጸው ሰው ፈቅዷልን? እርሱ ራሱ አጠገብህ ተቀምጦ ቢያየው አብሮህ ይስቃልን? በዚያ ቦታ የቆመው አባትህ ቢሆን ትለቀዋለህን? ከሁሉም በፊት ግን እናንተ በምን እንደምትስቁ ተጠንቀቁ፤ ልጅ ፈቃድ የሚወስደው ከምክራችን ሳይሆን ከሳቃችን ነው። እኔ ይህንን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ምላሳችንንም ሳቃችንንም ይጠብቅልን። አሚን።