«አንቺ ትሻያለሽ፣ ተይው»

ከእንግሊዝኛ ግሶች ሁሉ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስቸግረኝ ረጅሙና ከባዱ አይደለም። ትንሹ «አፒዝ» ነው። ተማሪ ብትጠይቁ «ማስታገስ» ይላችኋል። ሌላው «ማባበል» ይላል፤ ሦስተኛው «ማብረድ»፣ አራተኛው «ማረጋጋት»። ለአራቱም «ራይት» ይደረግላቸዋል። እኔ ግን አራቱንም እጠረጥራለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ፤ ትንሽ ዞር ዞር ስለምል ታገሡኝ።

እንግሊዞች የሰውን ቁጣና ለቅሶ ዝም ለማሰኘት የቃል ድህነት የለባቸውም። «ሱዝ» የሚሉት አለ፤ ለሚያለቅስ ልጅ፣ ለሚያቃጥል ቁስል። ይህ ቃል መነሻው «እውነት» ማለት ነበር። መጀመሪያ አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ የሰውን ንግግር «እውነትህን ነው» እያሉ መሸንገል፣ በመጨረሻም ማጽናናት ሆነ። ከእውነት ተነሥቶ በሽንገላ በኩል ማጽናናት የደረሰ ቃል ነው፤ መንገዱን ልብ በሉልኝ። የኛ ወሎዬ «አብሽር» የሚለው እንኳ ይሻላል። ከዐረብኛ ነው የመጣ፤ በመልካም ዜና ደስ ይበልህ እንደማለት ነው። ያዘነን ሰው «አብሽሪ እቱ» ሲሉ የምሥራች እየነገሩ ነው፤ የምሥራቹ ገና ባይደርስም።

«ካም»ም አለ። የእርሱ አያት ደግሞ የግሪኩ «ካውማ»፣ ሙቀት ነው። በቀትር ፀሐይ ሰውም ከብትም ሥራ ፈትቶ ጥላ ሥር ሲያርፍ የሚሰማው ጸጥታ ነው አሉ ቃሉን የወለደው። ይህ ለደሴ ሰው አይገባም። እኛ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጋቢ ደርበን ተቀምጠን ጠብ «ጋለ»፣ «ጦፈ» እንላለን፤ ሲያልቅ ደግሞ «በረደ»። ግሪኩን ለመረዳት ሐረጎን ቁልቁል መውረድ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላለች፤ እዚያ በቀትር ጥላ ሥር ቁጭ ያለ ሰው ለምን ከሙቀት ጸጥታ እንደሚወለድ ሳይነግሩት ይገባዋል።

ወደ «አፒዝ» ልመለስ። ዘሩ «ፓክስ» ነው፤ በላቲን ሰላም። ከዚሁ ከሰላም ሦስት ልጆች ተወልደዋል። አንዱ «አፒዝ»፣ ሁለተኛው «ፓሲፋይ»፣ ሦስተኛውን ብታውቁት ትስቃላችሁ፤ «ፔይ» ነው። አዎ፣ ክፈል! የሻይ ሒሳብ የምንከፍልበት ቃል ጥንት ባለዕዳው አበዳሪውን «ዝም አሰኘው» ማለት ነበር። ገንዘቡን ሰጥቶ ሰላሙን ገዛ። እንግዲህ «አፒዝ» ውስጥ ሒሳብ አለ። ማን ለማን ይከፍላል የሚለው ነው ጉዳዩ።

አጠቃቀሙንም እንይ። የሚያለቅስ ሕፃን «አፒዝ» አይደረግም፤ ባሕርም አይደረግም። ይህ ግስ የሚወደው ሦስት ነገር ነው፦ ረሃብን፣ የተቆጣ አምላክን፣ ጉልበተኛን። ሦስቱም ካልተሰጣቸው ይጎዳሉ። ሦስቱም ሲሰጣቸው ለጊዜው ነው። ማባበል እኮ በፍቅር ነው፤ እናት ናት የምታባብል። «አፒዝ» ግን ከፍርሃት ነው የሚወለደው፤ ስለዚህም ነው ተማሪው የጻፈው «ማባበል» የማይዋጥልኝ።

ቃሉ ስሙ የጠፋው በኛ በኩል ካለፈ በኋላ ነው ብል ማጋነን አይምሰላችሁ። ፈረንጆች ሲናገሩ ከሙኒክ ይጀምራሉ፤ መስከረም 1931 ዓ.ም.፣ ቼምበርሌን፣ ሒትለር፣ ቼኮዝሎቫኪያ። ታሪኩ ግን ሦስት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል፤ ቦታውም ደሴ ነው።

ኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው ነበር። ኅዳር 26 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መጡና ከተማይቱን ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ላይ ተቀምጠው ወደ ሰማይ እንደተኮሱ ፎቶግራፉ ዓለምን ዞሯል። የደሴ ሰው ገና ሬሳውን እያነሣ ሳለ በማግሥቱ፣ ኅዳር 27፣ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር ፓሪስ ገቡ። ከፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ጋር ሁለት ቀን ተቀምጠው ሙሶሊኒን የሚያበርድ ዕቅድ አወጡ። ዕቅዱ ከትግራይ፣ ከደንከልና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ቆርጦ ለኢጣሊያ የሚሰጥ፣ በደቡብም ኢጣሊያኖች ብቻ የሚሰፍሩበትና የሚነግዱበት ትልቅ ክልል የሚያበጅላቸው ነበር። ለኢትዮጵያስ? ወደ ባሕር የምትወጣበት ጠባብ መተላለፊያ። የለንደኑ ታይምስ «የግመል መተላለፊያ» ብሎ ተሳለቀበት።

ሆር ዕቅዱን ጨርሰው ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ፤ ዕረፍት ነበረባቸው። እዚያ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ወድቀው አፍንጫቸውን ሰበሩ። (ይህን እኔ አልጨመርኩም፤ ታሪክ ነው።) ምስጢሩ ግን ፓሪስ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ታኅሣሥ 8 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ኢትዮጵያም አልቀበልም አለች። ዕቅዱ ሞተ። መንፈሱ ግን አልሞተም። ኢጣሊያኖች ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ደሴ ገቡ። እንግሊዝ ሚያዝያ 1930 ላይ ከኢጣሊያ ጋር ተዋዋለች፤ ውሉ ኅዳር 1931 ሥራ ላይ ሲውል የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ዐወቀች። ሰላም ለመግዛት ነበር። ከዚያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ዐወጀ።

ሒሳቡን ማን ከፈለ? መጀመሪያ የከፈለው እርግጥ የኛ ሰው ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ። ቀጥሎ ግን በሚያዝያ 1933 ከኮምቦልቻ በላይ ባሉት ተራሮች የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች፣ በእንግሊዝ አዛዥነት፣ ከአርበኞች ጋር ሆነው ድንጋይ ለድንጋይ እየተሳቡ መዋጋት ግድ ሆነባቸው። ደሴ የተያዘችው ሚያዝያ 18 ቀን ነው። ሆርና ላቫል ፓሪስ ውስጥ በካርታ ላይ ሊያበርዱት የሞከሩት ነገር ሐረጎ ዳገት ላይ በጥይት ነው የበረደው።

አሁን ትርጉሙን እንፈልግ።

«ማስታገስ» ቆንጆ ቃል ነው፤ ሥሩ ትዕግሥት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ታጋሽ የሚሆነው የታመመው ነው እንጂ በሽታው አይደለም። ስለዚህ የራስ ምታት ክኒን «ማስታገሻ» እንላለን፤ አያድንም፣ ያስታግሣል። ጉልበተኛን ማስታገስ ግን ምን ማለት ነው? ጉልበተኛው መቼ ታገሠ?

«ማረጋጋት» ደግሞ የጋዜጣና የመግለጫ ቃል ሆኗል። ገበያ ይረጋጋል፣ ሁኔታው ይረጋጋል፣ ሕዝቡም እንዲረጋጋ ይጠየቃል። ቃሉ የወተት ነው፤ የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ብለው አባቶቻችን የተረቱበት። ወተት የሚረጋው ዕቃው ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ ነው። ጥቅምት 2014 ላይ ደሴ ከሰሜን በመጡ ተፈናቃዮች ተጨናንቃ፣ ትምህርት ቤቶቿ መጠለያ ሆነው ነበር። ጥቅምት 20 ቀን የሕወሓት ኃይሎች ከተማይቱን ያዝን ሲሉ መንግሥት ደግሞ አልተያዘችም አለ። ልጇን አዝላ፣ ፌስታል አንጠልጥላ መንገድ ዳር የቆመች እናት ከሁለት ተቃራኒ ወሬ መካከል «ተረጋጊ» ብትባል ምን ትሁን? መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሼ ያዝኩ ያለው ኅዳር 27 ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ዕቃው ሲናጥ ነው የከረመው። የሚናጥ ዕቃ ውስጥ ያለን ወተት ርጋ ማለት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ምክር አይደለም።

«ፓሲፋይ»ን እንኳ በአማርኛ አግኝተነዋል፤ «ማቅናት» ነው። አገር ማቅናት! የጠመመ ነበር ማለት ነው፤ ጦር ሄዶ አቀናው። ወሎን ከአጼ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ ከአንድ ንጉሥ በላይ «አቅንቷታል»፤ የቀናው ሰው ግን «ቀናሁ» ሲል አልተሰማም። እንዲህ ያለውን ቃል እንግሊዞች ብቻ ናቸው የፈጠሩት እንዳንል ነው ማንሣቴ። አሜሪካኖችማ «ፓሲፋየር» ብለው ወተት የሌለውን የሕፃን ጡጦ ጫፍ ይጠሩበታል፤ ሳያስቡት እውነቱን ተናግረውታል።

የ«አፒዝ»ን ትክክለኛ አማርኛ ያገኘሁት ግን መጽሐፍ ላይ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ነው፣ በሽምግልና ላይ። አንዲት የማውቃት ሴት የጎረቤቷ አጥር ወደ ግቢዋ ሁለት ሜትር ያህል ገባባት። ሰውየው ኃይለኛ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ወደ እርሱ ቤት ግን አልሄዱም፤ ወደ እርሷ መጡ። ቡና ተፈላ፣ ተመረቀ፣ ከዚያ የሁሉም ታላቅ የሆኑት እንዲህ አሏት፦ «የኔ ልጅ፣ እሱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። አንቺ ትሻያለሽ፣ ተይው። መውጫ መንገድ እንዲተውልሽ እኛ እንለምነዋለን።»

ይኸው! «አንቺ ትሻያለሽ፣ ተይው።» «አፒዝ» ከነሙሉ ትርጉሙ፣ ከነመተላለፊያው። በ1928 ሆርና ላቫል ለኢትዮጵያ ያሏት ቃል በቃል ይኸው ነበር። ደግሞ እንዴት ያለ ምስጋና ነው! የሚወሰድብሽ ስለምትሻዪ ነው፤ እርሱ የሚጨመርለት ስለሚከፋ ነው። ብዙ ሴቶች በዚህ ምስጋና ቤታቸውን፣ ውርሳቸውን፣ አንዳንዴም ጥርሳቸውን እንዳጡ የምነግራችሁ እኔ አይደለሁም፤ ታውቁታላችሁ። «አንተ ትብስ፣ አንቺ ትብስ» የተባለው ተረት እኮ ሁለት ተናጋሪ አለው። አንዱን ተናጋሪ ስናስወጣው ሌላ ነገር ይሆናል።

ሽምግልናን የማጥላላ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ወሎ በዚህ የሚያፍር አገር አይደለም። በቃሉና በአካባቢው አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ ደም የፈሰሰበትን ነገር ሳይቀር አስታርቀው ደም የሚያደርቁ። የእነርሱን ሥርዐት ያየ ሰው ቀድሞ የሚለምነው ማን እንደሆነ ያውቃል። የበዳዩ ወገን ነው። አጥፍቻለሁ የሚለውም እርሱ፣ ካሳ የሚያመጣውም እርሱ። ከዚያ በኋላ ነው ተበዳዩ እንዲተው የሚጠየቀው። እዚህም ክፍያ አለ፤ ሰላም በሒሳብ ነው የሚገዛው። ላቲኑ አልዋሸም። ልዩነቱ ገንዘቡ ከየትኛው ኪስ ይወጣል ነው። ከበዳይ ኪስ ሲወጣ ካሳ ይባላል። ከተበዳይ ኪስ ሲወጣ ደግሞ የኛ ሽማግሌዎች «ዕርቅ» ይሉታል፤ እንግሊዞች ግን ቢያንስ ከ1931 ወዲህ አፍረው ሌላ ስም ሰጥተውታል።

ሴትዮዋ ሲኒውን ሰበሰበች። ለሽማግሌዎቹ አክብሮቷን አላጓደለችም፤ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ነው የተናገረችው። «እሺ አባቶቼ፣ እኔ ልተው። እሱስ ምን ይተዋል?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሮ ሰጡ፤ በዚህኛው ግን በሰውየው ቤት።