የአማካሪ ስሕተትና ዝምታው

አንባቢ ሆይ፤ መምህር ሰው ነውና ይሳሳታል። ለኮሌጅ ተማሪ የትምህርት አማካሪ ሆኖ የተመደበውም እንደዚሁ ነው። ስለ መሳሳቱ የሚነቅፈው የለም፤ የሚነቀፈው ከስሕተቱ በኋላ የሚያደርገው ነው።

አንድ ልጅ ከአምባሰል ወይም ከሐይቅ ዳር ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ ገባ እንበል። ብዙ ጊዜ ከቤቱ ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው እርሱ ነው፤ አባቱ ስለ እርሻ እንጂ ስለ ክሬዲት ሊመክረው አይችልም። አማካሪው አስቀድሞ መወሰድ የሚገባውን አንድ ትምህርት ሳያስተውል አልፎ የመመዝገቢያውን ቅጽ ይፈርምለታል። ጉድለቱ የሚገለጠው በመመረቂያው ዓመት ነው። ያን ጊዜ አማካሪው «አንተስ ዓይን አልነበረህም?» ይለዋል። ስሕተቱ የመምህሩ ሲሆን አንድ ዓመት የሚጨመርበት ተማሪው ነው፤ የዚያንም ዓመት ስንቅ አባቱ በሬ ሸጦ ይችላል።

ከዚህም የከፋ አለ። አንዳንዱ አማካሪ ስሕተቱን በጊዜው ዐውቆ፣ ማቃናት ሲችል፣ «ክብሬ ይነካል» ብሎ ዝም ይላል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ ተማሪው የሙያ መስኩን ከገባ በኋላ የሚመርጥ ስለ ሆነ፣ የዚህ ዝምታ ጉዳት ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ነው።

ክብርስ በእርማት ይቀንሳልን? በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምእት ዓመት ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። የመጻሕፍት አገር ነው። በአገራችን የብራና ልማድ ጸሐፊ ቃል ቢዘል በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ይጨምረዋል፤ የተሳሳተውንም ፍቆ ያቀናዋል። እርማቱ ለአንባቢ ሁሉ ይታያል፤ ስለዚህ ግን መጽሐፉን የናቀው የለም። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቈጠረውን ለመምህሩ ሲነግር በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። የደቀ መዝሙሩን ስሕተት በአደባባይ ማረም የለመድን ሰዎች የመምህሩ ላይ ስንደርስ የምናፍረው ለምንድር ነው?

ተማሪውም ቢሆን ሳያነብ የሚፈርም ከሆነ ከነቀፋ አያመልጥም። ለዚህ የአምባሰል ልጅ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ውጫሌ የአገሩ ከተማ ናት። በዚያ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክን አማርኛው «ይቻላል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ። (ያ ተንኮል ነው፤ የአማካሪው ግን ስሕተት ነው፤ እኔ የማነጻጽረው የወረቀቱን ነገር ብቻ ነው።) ዐፄ ምኒልክ ልዩነቱን በተረዱ ጊዜ ዝም አላሉም፤ በ1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው እንዲታረም ጠየቁ፤ እንቢ ቢባሉ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ተማሪም እንዲሁ የትምህርቱን ዝርዝር ከራሱ የውጤት ወረቀት ጋር በየመንፈቁ ያስተያይ፤ ልዩነት ቢያገኝ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቅ።

አማካሪው ግን ተማሪውን «ሬጅስትራር ሂድና ንገራቸው» ብሎ ቢልከው ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የአንደኛ ዓመት ልጅ ከመስኮቱ ፊት ብቻውን ቆሞ «መምህሬ ነው የተሳሳተው» ቢል ማን ያምነዋል? «ጉድለቱ ከእኔ ምክር የመጣ ነው» ብሎ ቀን ጠቅሶ የሚፈርም አማካሪው ራሱ ነው፤ አንዱን ቅጂ ለተማሪው ይስጥ፤ ሁለተኛውን ይዞ አብሮት ይሂድ፤ ይህንም ትምህርት መጨመርና መቀነስ የሚፈቀድበት ቀን ሳያልፍ ያድርገው።