ከአድማስ ወዲህ፦ በዓሉ ግርማን ሚኒባስ ውስጥ ማንበብ

«ከአድማስ ባሻገር»ን የጨረስኩት ከሶዶ ወደ ቢጠና በምትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩት፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ቅጂ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት መጽሐፉን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ፈተና አለብሽ እንዴ?» አሉኝ በወላይትኛ። ልቦለድ ነው አልኳቸው። ስለምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ቢሮ ስለሚሠራ ሰው ነው። ሥራው አስጠልቶታል፤ ሰዓሊ መሆን ይፈልጋል።»

«ደመወዝ አለው?»

«አለው።»

«የሚኖረውስ የት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ምን ሆነና?» አሉ።

ሳቅኩ እንጂ አልመለስኩላቸውም። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። ምክንያቱም እኔ ራሴ በዚያው ሳምንት መወሰን ያለብኝ ነገር ነበር፦ ሶዶ ዳር ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ከእናቴ ቤት ልውጣ ወይስ በየቀኑ እየተመላለስኩ ልቀጥል? መጽሐፉን ሳነብም መልስ እየፈለግኩበት ነበር መሰለኝ።

እስቲ መጀመሪያ ለበዓሉ የሚገባውን ልስጥ። መጽሐፉ የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ያለው ግን ሥዕሉ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሥራውን እንዲያከብር፣ ትዳር እንዲይዝ፣ እንደ ሰው እንዲኖር ይፈልጋል። በሌላ በኩል ጓደኛው ኃይለማርያም አለ፤ ለድርሰት የሚኖር ሰው። የመጽሐፉ ትልቁ ጥንካሬ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ አበራን የሚያፍኑት ሰዎች ክፉ አለመሆናቸው ነው። የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ወንድምየው ወንድሙን ሊጎዳ ብሎ አይደለም የሚመክረው። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም፤ ምግብ እያቀረበ፣ እየመረቀ ጎን ለጎን መንገዳችሁን የሚዘጋ። ቢሮ ያሰለቻል ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ቢሮውን የሚጠብቅልህ ፍቅር መሆኑን መጻፍ ግን ከባድ ነው፤ በዓሉ ይህን ጽፎታል።

ችግሬ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የመጽሐፉ ዓለም አዲስ አበባ ላይ ቆሞ ነው አድማሱን የሚያየው። ቢሮው እዚህ ነው፣ ነፃነቱ እዚያ ማዶ። ከቢጠና ስታዩት ግን ማዶ ያለው ራሱ ቢሮው ነው። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ በጣም ተጠጋግቶ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የአያቴ መሬት ለአባቴና ለወንድሞቹ ተከፈለ፤ የአባቴ ድርሻ ደግሞ ለኛ ቢከፈል የሚደርሰን ጥቂት የእንሰት ተክልና ቤት መሥሪያ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ውርስ ማለት ትምህርት ነው፤ የትምህርት መጨረሻ ደግሞ ወንበር። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማእከሉ ስትሆን፣ እዚህ አካባቢ ያለ ወጣት ሁሉ የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። አበራ ሊሸሸው የፈለገውን ወንበር እኛ ተሰልፈን ጠበቅነው።

ሚኒባስ ውስጥ የነበሩት አባት ይህን ነው ያዩት። እሳቸው ቢሮን የሚለኩት በሰፈሩ በቀረው መሬት ነው። አበራ የሚለካው በሥዕሉ ነው። መጽሐፉ ሁለተኛውን መለኪያ ብቻ ነው የሚያውቀው።

በውጪው ዓለም ይህን ጉዳይ ከጻፉት ውስጥ የአሜሪካዊው ሪቻርድ ዬትስ «ሪቮሉሽነሪ ሮድ» ትዝ ይለኛል። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ፍራንክ ዊለር ኮነቲከት ውስጥ፣ ከከተማ ወጣ ባለ ሰፈር፣ ቆንጆ ቤት አለው፤ በየቀኑ በባቡር ኒው ዮርክ እየሄደ የሚጠላውን ሥራ ይሠራል። ሚስቱ ኤፕሪል ሁሉን ትተን ፓሪስ እንሂድ ትላለች። እነዚህ ሰዎች ከአበራ ጋር አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፦ እውነተኛው ሕይወት ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው ብለው ያምናሉ። ልዩነቱ ግን ያስገርማል። እነሱ ከተማ ዳር የሚወጡት ገንዘብ ስላላቸው ነው። እኛ ዳር የምንቀረው ኪራይ ስለማንችል ነው። ደግሞ ዬትስ አንድ ነገር አስተውሏል፦ ፍራንክ ቢሮውን እየረገመ ሲመላለስ፣ በመጨረሻ የሕልሙን ዋጋ በሕይወቷ የምትከፍለው ቤት የቀረችው ኤፕሪል ናት።

እዚህ ጋ ነው እንደ ሴት አንባቢ አበራ ላይ የምቀናበት። አበራ ከቢሮ ሲወጣ ምሽቱ የራሱ ነው። ቢያባክነው እንኳ የሚያባክነው የራሱን ምሽት ነው። እኔ 11፡30 ከቢሮ ወጥቼ፣ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቄ፣ ቤት ስገባ 1፡00 አልፏል። ከዚያ እሳት አለ፣ ውኃ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ጎረቤት ለቅሶ አለ። የቢሮው ደብዳቤ በአማርኛ፣ የቤቱ ወሬ በወላይትኛ፤ መሀል ላይ ያለው መንገድ ብቻ ነው ዝም የሚያሰኘኝ። የማነበው እዚያ ነው።

ግን ደግሞ ሐቁን ልናገር፤ ቢጠና መኖር የሚሰጠኝን መደበቅ አልችልም። ኪራይ አልከፍልም። ጠዋት ከቤታችን ጀርባ ያለው እንሰት ላይ ጤዛ አያለሁ። ስታመም ሾርባ የምታመጣልኝ ጎረቤት ስሜን ከነአያቴ ታውቀዋለች። በ2016 ዓ.ም. በዞናችን የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መዘግየት የአገር ዜና ሆኖ በነበረ ጊዜ፣ ሶዶ ተከራይተው የሚኖሩ ጓደኞቼ የቤት አከራይ እየሸሹ ሲገቡ፣ እኔ ከጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ እበላ ነበር። ያኔ የገባኝ ነገር አለ፦ ወንበሬን የተሸከመው ጓሮው ነው። በልቦለዶቻችን ውስጥ ግን ከተሜው ሠራተኛ ደመወዙን ከመቀበሉ በፊት ምን እንደሚበላ እምብዛም አይነገረንም።

ቢሮውስ? የሩሲያው ጎጎል በ1842 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ካፖርት» ውስጥ አካኪ አካኪዬቪች የሚባል ጸሐፊ አለ፤ ሥራው ወረቀት መገልበጥ ብቻ ነው። ሰዉ ይስቅበታል። እሱ ግን ፊደላቱን ይወዳቸዋል፤ የሚያስደስቱት ለይቶ የሚያውቃቸው ፊደላት አሉት። የሚገድለው ሥራው ሳይሆን ብርዱና የአለቆች ንቀት ነው። ይህን ሳነብ አፈርኩ፤ ምክንያቱም እኔም ቢሮ ውስጥ የምወደው ነገር አለ። አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ያላለቀላቸውን ጉዳይ ፋይላቸውን ፈልጌ ሳገኝላቸው ቀኑ የባከነ አይመስለኝም። ይህ ዓይነት ደስታ አበራ ቢሮ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ምርጫው የበለጠ ይከብድ ነበር፣ መጽሐፉም የበለጠ ያመን ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የሚገርመኝ የደራሲው የራሱ ሕይወት ነው። በዓሉ ቢሮን ጥሎ የወጣ ሰው አልነበረም። አዲስ ዘመንን ጨምሮ ጋዜጣና መጽሔት አዘጋጅቷል፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ነበር። «ኦሮማይ»ን የሰጠን የቀይ ኮከብ ዘመቻን በዚያው ሥራው ምክንያት ከቅርብ ስላየ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ስለዚህ በዓሉን የጎዳው ቢሮ አበራን ያሰለቸው ቢሮ አይደለም። የአበራ ቢሮ ሰውን ያደነዝዛል፤ የበዓሉ ቢሮ ያየውን እንዳይናገር ይጠብቀዋል። ከ«ከአድማስ ባሻገር» ወደ «ኦሮማይ» የሄደው መንገድ እኔን የሚያስተምረኝ ይኼን ነው፦ ደራሲው ማዶ ማዶውን ማየት ትቶ የራሱን ወንበር፣ በወንበሩ ዙሪያ የሚደረገውን ሲጽፍ ነው በጣም የሚያስፈራ የሆነው።

ለኛ ትውልድ ጸሐፊዎች የቀረው ሥራም እዚህ ያለ ይመስለኛል። አማርኛ ልቦለድ ገጠሩን ያውቃል፣ አዲስ አበባን ያውቃል። ጠዋት 1፡00 ላይ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ጭቃውን ተሻግራ፣ መናኸሪያ ላይ ቀይራ ቢሮ የምትገባዋን ልጅ ግን ገና በደንብ አያውቃትም።

ክፍሏን አየኋት። ኪራይዋ የደመወዜን ሲሶ ይወስዳል፤ መስኮቷ ወደ ዳሞታ ተራራ ያያል፤ በሯ ከውስጥ ይቆለፋል። የመጨረሻው ነገር ነው የወሰነልኝ። እናቴ «ሰው ምን ይላል?» አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ ዝም ብላ የምወስደውን ዳጣ በጠርሙስ ሞላችልኝ። ቅዳሜና እሑድ ቢጠና እመለሳለሁ፤ ደመወዝ ከዘገየም ጓሮው አለ።

ለእኚያ አባትም አሁን ብመልስላቸው እንዲህ እላለሁ፦ «ደመወዝ አለው፣ አባባ። ቤትም አለው። የጎደለው በሩን ዘግቶ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው።» እሳቸው ምን እንደሚሉ እገምታለሁ። «እሱንማ ማን አለው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ መጽሐፉን ለባልደረባዬ ስመልስለትም ይኼንኑ ነገርኩት።