አጥሩና እናቲቱ

ብሌይን ሃርደን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመውን «ከካምፕ 14 ማምለጥ»ን ያነበበ ሁሉ የሚያወራው ስለ አጥሩ ነው፤ ሺን ዶንግ ህዩክ ኤሌክትሪክ በገደለው ጓደኛው ሬሳ ላይ ተሻግሮ ከሰሜን ኮሪያ የፖለቲካ እስረኞች ካምፕ ስለ መውጣቱ። ለኔ ግን የሚከብደው የእናቱ ነገር ነው። እሷንና ወንድሙን የጠቆመው እሱ ነው፤ ሲገደሉም ቆሞ አይቷል። ይኸን መጀመሪያ ደብቆት ነበር። በ2015 ደግሞ የሆነው በካምፕ 18 ነው ብሎ ቃሉን ለወጠ። ታዲያ «ውሸታም!» ብሎ መጽሐፉን መወርወር ይቀላል። ሃርደን በአንድ ሰው አፍ ተማምኖ ነገሩን እንደ ጀብዱ መተረኩ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ግን ጥቆማ ምግብ በሚያስገኝበት ግቢ ያደገ ልጅ፣ የጠየቀው ሁሉ መርማሪ ቢመስለው ምን ይገርማል? ጋዜጠኛውም እኮ ደብተር ይዞ ነው የመጣው።