ቢጫው ላይ ምን ይደረግ?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረቱ ታፍኖ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር እያለ የነቃ ሰው የሐኪም ምክር ትዝ አይለውም። ብዙ ጊዜ «ትንሽ ልታገሥ፣ ይንጋ» ይላል። የአስም ዕቅድ በጽሑፍ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ የሚደረገው ነገር ሰውዬው ደህና በሆነበት ቀን ተወስኖ እንዲያድር።

ወረቀቱ ሦስት ቀለም አለው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቅደም ተከተሉ ልክ እንደ ኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ስለሆነ ፊደል ያልቆጠረም ሰው አይጠፋበትም። አረንጓዴው ደህና ቀን ነው። ቀዩ ላይ መናገር ያቅታል፣ ማስታገሻው ፓፍ አልሠራ ይላል፤ እየነፉ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ሁለቱ አያከራክሩም። ሙያው ያለው ቢጫው ላይ ነው።

በአንድ የአዲስ አበባ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ቢጫውን ከመሙላቷ በፊት ትጠይቃለች። «እማማ፣ ሊነሳብዎት ሲል በምን ያውቁታል?» እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት እናት አሰብ አደረጉና «ሌሊት ተነሥቼ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ» አሏት። ነርሷ «የትንፋሽ ማጠር ሲባባስ» ብላ አልጻፈችም። «አልጋ ጫፍ ላይ ስቀመጥ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ማስታገሻው ስንት ጊዜ እንደሚነፋና በስንተኛው ቀን ካልተሻላቸው እንደሚመለሱ አሰፈረች።

የትንፋሽ መለኪያ ያለው ሰው በቁጥር ሊሄድ ይችላል፤ ምርጥ ልኩ 400 ከሆነ ከ320 በላይ አረንጓዴ፣ ከ200 በታች ቀይ ነው። መለኪያው ግን በየቤቱ የለም። ደግነቱ በምልክት የሚሠራ ዕቅድም ከዚያ እንደማያንስ በጥናት ታይቷል።

«በየቀኑ የሚነፋውን ፓፍ ተውኩት ልጄ፣ ምንም አይሰማኝም» አሉ እናትየዋ። ይህን ያልሰማ የአስም ባለሙያ የለም። ሳልቡታሞል በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያቀል ይወደዳል፤ የሚያላላው ግን የተኮማተረውን ጡንቻ ነው እንጂ የአየር ቧንቧውን እብጠት አይነካም። እብጠቱን የሚቀንሰው በየቀኑ የሚነፋው ስቴሮይድ ነው፤ ጥቅሙም በቀናትና በሳምንታት እንጂ ወዲያው አይታወቅም። የአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ጊና በ2019 እ.ኤ.አ. ማስታገሻን ብቻውን መስጠት አይመከርም ያለው በዚህ የተነሣ ነው። ነርሷ መከላከያውን ፓፍ ከጥርስ ብሩሽ ጎን እንዲያስቀምጡት መከረቻቸው፤ ከነፉ በኋላ አፍ መጉመጥመጥም ግድ ነውና።

ወረቀት ብቻውን አያድንም፤ ፓፉ በትክክል ካልተነፋ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባው መያዣ፣ ከሌለ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ ይበቃል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ነርሷ የፓፉን አፍ ቅርጽ በያዘ የጋለ ሽቦ የፕላስቲኩን ቂጥ በሳች፣ ፓፉን ሰካች፣ ዙሪያውን አሸገች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ «አሁን ሌሊት ነው እንበል፤ ያሳዩኝ» አለቻቸው።

ፓፍ የያዛችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ቢጫ ላይ ምን ላድርግ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።